በረኛው የት ቆሟል?

ልጅ ሳለሁ በረዶን የማውቀው በመጋዝ ሲቆረጥ ነው። ጅቡቲ ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቀው ሰፈራችን፣ ጠዋት ጠዋት በጋሪ ይመጣል። እንደ ሬሳ ሳጥን የረዘመ፣ በጆንያ የተጠቀለለ፣ መንገዱን ሁሉ እያንጠባጠበ። ቆራጩ ጆንያውን ገልጦ መጋዙን ሲያስገባ የሚረግፈውን ነጭ ዱቄት እኛ ልጆች በመዳፋችን እንሻማለን። አፋችን ሳይደርስ ውኃ ይሆናል። ሐምሌ ላይ ኻምሲን የሚሉት ነፋስ አሸዋውን ተሸክሞ ሲገባ፣ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ በከተማው ከዚያ ሰውዬ በላይ የሚከበር ነጋዴ አልነበረም። ባለ ጫቶቹን ሳንቆጥር ማለቴ ነው።

ሰውዬውን “በረኛው” እንለዋለን። ስሙን አልጠራም፤ ልጆቹም የልጅ ልጆቹም አሉ፤ እሱም ቢሆን ከዚህ ሌላ ስም አይወድም ነበር። የድሬዳዋ ልጅ ነው። ባቡሩ ገና የፈረንሳይና የኢትዮጵያ በነበረበት ዘመን፣ ማለትም ከ1981 በፊት (ጅቡቲ ያደገ ሰው ዓመት የሚቆጥረው በፈረንጅ ስለሆነ አንባቢ ይቅር ይበለኝ)፣ በሐዲዱ ሠራተኞች ቡድን ውስጥ ግብ ሊጠብቅ ወደ ባሕሩ ወረደ። ያኔ በእኛ አካባቢ ፕሮፌሽናል ተጫዋች የሚባል ነገር የለም። ሥራ ይሰጡሃል፣ ኳሱን ትጫወትላቸዋለህ። ቀን ሐዲድ ላይ ይውላል፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ አሸዋ ላይ ይወድቃል። ሣር የሚባል ነገር ስለሌለ ክርኑና ጭኑ ላይ ያልተላጠ ቦታ አልነበረውም ይባላል። አንድ ቀን ከማዕዘን የተሻማ ኳስ ሊይዝ ዘሎ ሲወርድ ጉልበቱ ዞረ። አለቀ። ሜዳውን በየቀኑ በመስኮት እያዩ መሥራት ሲያቅተው ሐዲዱንም በገዛ ፈቃዱ ተወው። ከዚያ በኋላ የቀሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ መጋዙና ድምፁ።

ስለ መጋዙ ተናግሬያለሁ። አሁን ስለ ድምፁ።

የጅቡቲ ሬዲዮ የሚያስተላልፈው በአራት ቋንቋ ነበር፤ በፈረንሳይኛ፣ በዐረብኛ፣ በሶማሊኛና በአፋርኛ። አማርኛ የለም። እኛ ግን ነበርን። የባቡር ሠራተኞች ቤተሰቦች፣ የወደብ ሸካሚዎች፣ ሾፌሮች፣ ፈረንሳዮች ቤት የሚሠሩ ሴቶች፣ ትናንት በእግር በረሃውን አቋርጠው የገቡ ልጆች፣ ሁላችንም በአንድ ግቢ እንተፋፈጋለን። ቀትር ላይ ጫቱ ከድሬዳዋ ሲገባ ከተማው ቀጥ ይላል። ሱቅ ይዘጋል፣ መንገዱ ይጸዳል፣ ወንዱ ሁሉ መብረዝ ይገባል። መብረዝ የበርጫ ክፍል ነው፤ ፍራሽ፣ ትራስ፣ ፔርሙስ ሻይ፣ አንድ ሬዲዮ። በእኛ ግቢ መብረዝ ሬዲዮው የሚቀመጠው በረኛው ጉልበት አጠገብ ነበር። የቆሰለውን ጉልበቱን ዘርግቶ፣ በረዶ በጨርቅ ቋጥሮ ከላዩ አድርጎ፣ ጆሮውን ወደ ድምፅ ማጉያው ያስጠጋል። ፈረንሳይኛውንም ሶማሊኛውንም አሳምሮ ይሰማል። ሰምቶ ግን አይተረጉምም። ያስተላልፋል።

ልዩነቱን ልጅ ሆኜ እንኳ አውቀው ነበር። ሬዲዮው “ኳሱ ወጣ” ካለ፣ በረኛው ኳሱ ለምን እንደወጣ ይነግርሃል። ተከላካዩ ነፋሱን ስላልቆጠረ ነው፤ ወይም የቡድኑ በረኛ ጮኾ ሳለ ስላልሰማው ነው። ይህን ሁሉ ሬዲዮው አላለም። “ጋሼ፣ እንዴት አወቅህ?” ስንለው “ሌላ ለምን ይወጣል?” ይለናል። ማስተላለፍ የሚጀምረውም ሁልጊዜ ከአንድ ጥያቄ ነው፤ በረኛው የት ቆሟል? ኳሷ ያለችው መሐል ሜዳ ይሁን የወዲያኛው ጫፍ፣ እሱ ግድ የለውም። መጀመሪያ በረኛውን በቦታው ያቆመዋል። መስመሩ ላይ ነው ወይስ ወጣ ብሏል? እጁን ወገቡ ላይ አድርጓል ወይስ ጓንቱን ይነክሳል? እሱን ካቆመ በኋላ ሌላውን ጨዋታ በዙሪያው ይገነባል። አጥቂ ዕድሜውን የሚገፋው ጀርባውን ለግማሽ ሜዳ ሰጥቶ ነው። በረኛ ግን ሃያ አንዱንም ሰው ከፊቱ ያያል፤ አብዛኛውንም ጊዜ ከማየትና ከመጮኽ በቀር ሥራ የለውም። አሁን ሳስበው፣ ያ ሰው ጉልበቱ ሳይዞር በፊትም ጋዜጠኛ ነበር።

አንድ ልማድ ነበረው። ኳስ አግዳሚ መትታ ስትወጣ ከተቀመጠበት ይነሳና፣ ጉልበቱ ቢያመውም፣ የክፍሉን ጉበን በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ ያደርጋል። ሜዳ ላይም እንዲሁ ያደርግ ነበር አሉ። “ባልደረባዬ ነው። ካላመሰገንከው ሌላ ቀን አያግዝህም።”

ስለ ጥንቱም ያስተላልፍ ነበር። ኢትዮጵያ በታሪኳ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጨዋታ ያደረገችው በታኅሣሥ 1947 ከዚህችው ከጅቡቲ ጋር ነው፤ ያኔ የፈረንሳይ ሶማሊላንድ ትባል ነበር። 5 ለ 0 አሸነፈች። ሌላው ኢትዮጵያዊ ይህን ሲያወራ አምስቱን ጎል ይቆጥራል። በረኛው ግን ጅቡቲያውያን ጎረቤቶቻችን በተቀመጡበት “አምስት የገባበት ሰውዬስ? ማታ ምን በልቶ ተኛ?” ብሎ ይጠይቃል። መልስ የሚሰጠው አልነበረም። እሱ ግን ሰውዬውን በባቡር አሳፍሮ፣ ሁለት ሌሊት መንገድ ላይ አሳድሮ፣ ጅቡቲ ጣቢያ አውርዶ፣ ሚስቱ በር ላይ “እንዴት ሆነ?” ስትለው ያሰማናል። አንድ ኢሳ ሽማግሌ ነበሩ፤ ይህን ታሪክ እየደጋገሙ እንዲያወራላቸው ያዙት ነበር። ለምን እንደሚወዱት ያኔ አይገባኝም ነበር።

በ1980ዎቹ ጅቡቲን ያሳበደው ግን ኳስ አይደለም፤ ሩጫ ነው። ሁሴን አህመድ ሳላህ የአሊ ሳቢህ ልጅ ነው፤ አሊ ሳቢህ ደግሞ ባቡራችን ይቆምባት፣ ፍየል ሐዲድ ላይ ይተኛባት የነበረች ከተማ ናት። በሚያዝያ 1985 ሂሮሺማ ላይ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ማራቶን 42ቱን ኪሎ ሜትር በ2፡08፡09 ጨርሶ አንደኛ ወጣ። የዓለም ክብረ ወሰን በዚያ ቀን 2፡08፡05 ነበር። አራት ሰከንድ! ጃማ ሮብሌ ሦስተኛ ሆነ፤ በቡድንም ጅቡቲ ዓለምን አሸነፈች። አገሪቱ ነጻ ከወጣች 8 ዓመት አልሞላትም፤ ሕዝቧም ግማሽ ሚሊዮን አይደርስም። ዜናው የመጣ ቀን የጭነት መኪና ጥሩምባ እስከ ሌሊት አላስተኛንም። በ1987 ሮም ላይ በዓለም ሻምፒዮና ሁለተኛ ወጣ። የሰፈራችን ልጆች ሁሉ ኳሱን ትተው ከጣቢያው እስከ ወደቡ በር በባዶ እግር ሲሮጡ፣ እግራቸው በአስፋልቱ ግለት ሲላጥ ትዝ ይለኛል።

ከሁሉም በላይ የማልረሳው ግን ሚያዝያ 17 ቀን 1988 ነው። እሑድ ማታ። ዜናው ከፈረንሳይኛው ሬዲዮ በሁለት መስመር መጣ፦ በሮተርዳም ማራቶን ኢትዮጵያዊው በላይነህ ዴንሳሞ በ2፡06፡50 አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን ሲያስመዘግብ ጅቡቲያዊው አህመድ ሳላህ በ2፡07፡07 ሁለተኛ ሆኗል። ከዚያ ሬዲዮው ወደ ሌላ ወሬ ዞረ።

መብረዙ ጸጥ አለ። ግማሹ ኢትዮጵያዊ ነው፣ ግማሹ የአገሩ ሰው። እኛ እንግዶች ነን፤ እንጨፍር? ባለቤቶቹ ፊት? አባቴ ሻዩን ማማሰል ጀመረ፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቶ ነበር። ኢሳው ሽማግሌ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። በረኛው ሬዲዮውን ዘጋው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና ያንን ሁለት መስመር ዜና አንድ ሰዓት ያህል አስተላለፈው።

ሮተርዳምን አላያትም። ወደብ መሆኗን ግን ያውቃል፤ ስለዚህ የጅቡቲን ወደብ ክሬኖች ወስዶ እዚያ ተከላቸው። ነፋሱን ከባሕሩ አስነሳው። ሯጮቹን አንድ በአንድ አንጠባጥቦ ሁለቱን ብቻ አስቀረ። እስከዚህ ድረስ ማንኛውም ወሬኛ ሊያደርገው ይችላል። ከዚያ ግን ካሜራውን፣ ካሜራ ካልነው፣ ሁለተኛው ሰውዬ ላይ አደረገ። በላይነህ ጀርባ ሆነ፤ አንድ ነጭ ማልያ፣ አንድ ቁጥር። እኛ ሁላችን ሳላህ ደረት ውስጥ ገባን። የፊተኛው ሰው ተረከዝ አስፋልቱን ሲለቅ ይታየናል። ልንደርስበት ነው። አልደረስንም። ልንደርስበት ነው። “አሁን በላይነህ ገባ” አለ በረኛው፣ እንደ ቀልድ፣ ድምፁን እንኳ ሳያነሳ። ከዚያ ዝም አለ።

ዝም ብሎ ቆየ። በጨርቅ የቋጠረው በረዶ ከጉልበቱ ላይ ወደ ሳህኑ ጠብ ጠብ ይላል። አንድ ሰው ሊናገር ሲል እጁን አነሳበት። መጨረሻ ላይ “17 ሰከንድ” አለ። “ይቺን ታህላለች። አሁን ሳላህ ገባ።” ከዚያም ቀጠለ፤ የቀድሞው ክብረ ወሰን የፖርቱጋሉ ካርሎስ ሎፔዝ በዚሁ ከተማ ያስመዘገበው 2፡07፡12 ነው፤ ሳላህም ያንን በአምስት ሰከንድ አሻሽሎታል። “ዛሬ ክብረ ወሰን የሰበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። ይዞት የሄደው አንዱ ነው።”

ሽማግሌው ከግድግዳው ዞሩ። ከፊታቸው ካለው ጫት ቀንበጥ ቀንበጡን መርጠው በረኛው ጭን ላይ አኖሩለት። አባቴም ያኔ ሻዩን ጠጣ። የበላይነህ ሰዓት ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ሙሉ ሳይደፈር ቆየ፤ እስከ 1998 በርሊን። እኔ ስለ እሱ ባሰብኩ ቁጥር የሚታየኝ ግን ጀርባው ነው። በጀግናዬ ላይ ክህደት ይመስለኛል አንዳንዴ።

በዚያው ዓመት ሴኡል ኦሊምፒክ ላይ ኢትዮጵያ አልተገኘችም። በመንግሥታት ኩርፊያ የእኛ ሯጮች ቤታቸው ቀሩ። ሳላህ ግን ነሐስ ይዞ ተመለሰ፤ ቦርዲን የጣሊያኑ በ2፡10፡32፣ ዋኪሁሪ የኬንያው በ2፡10፡47፣ እሱ በ2፡10፡59። ጅቡቲ እስከ ዛሬ ያላት የኦሊምፒክ ሜዳልያ ያ ብቻ ነው። በረኛው ያንን ሩጫ እንዴት እንዳስተላለፈው እነግራችሁ ነበር፤ ግን ወባ ይዞኝ ተኝቼ ነበርና የሰማሁት ጩኸቱን ብቻ ነው።

የአዲስ አበባውን ሬዲዮ ማታ ማታ በጩኸትና በፉጨት መሐል እናገኘዋለን። በታኅሣሥ 1987 ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ የኳስ አስተላላፊውን የደምሴ ዳምጤን ድምፅ የሰማነው እንዲህ ነው። ማዕበል ላይ እንደሚሄድ ጀልባ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፣ ብቅ ይላል። ግቢው ውስጥ ያለቀሰ ትልቅ ሰው ብዙ ነበር። በረኛው ያን ማታ ዝም ብሎ አዳመጠ። በማግስቱ በረዶ እየቆረጠ “ድንቅ ሰው ነው ደምሴ” አለኝ። “አይቶ ይነግርሃል፤ ራስህ ያየኸው እስኪመስልህ ድረስ። እኔ ግን አላይም። እኔ ያመመኝን ነው የማወራው።” መጋዙን አቆመና “ሁለቱም ያስፈልጋሉ” ብሎ ጨመረ፤ በደምሴ የቀና እንዳይመስልበት ይመስለኛል።

ሆኪ የሚባለውን የበረዶ ላይ ጨዋታ ያየነው በ1992 ነው። ከግቢያችን አንዲት እህት ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር ፈረንሳዮች ቤት ምግብ ታበስል ነበር፤ ሰዎቹ አገር ቤት ለቀው ሲሄዱ ከተውላት ዕቃ መሐል የቪዲዮ ካሴቶች ነበሩበት። አንዱ የአልበርትቪል ክረምት ኦሊምፒክ የሆኪ ፍጻሜ ሆኖ ተገኘ። ከፈረሰችው ሶቪየት የተረፉት ሪፐብሊኮች በአንድ ቡድን ሆነው ከካናዳ ጋር። ውጭ አየሩ እንደ ዳቦ ምድጃ ነው፤ ውስጥ ሃያ ሰው ላቡን እየጠረገ በረዶ ያያል። የበረኛው የመጀመሪያ አስተያየት የነጋዴ ነበር፤ “ይኼን ሁሉ በረዶ እየረገጡ! ስንት ፍራንክ ነው ይኼ?”

ቀጥሎ ግን በረኛዎቹን አየ። ካሴቱን አስቁሞ ተጠጋ። እንደ ፍራሽ የወፈረ ነገር እግራቸው ላይ ያሰሩ፣ ፊታቸውን በብረት የሸፈኑ፣ የሚጠብቁት ግብ ቁመቱ የሰው ወገብ ትንሽ የሚያልፍ። ኳስ የለም፤ ፐክ የሚሉት ጥቁር ጎማ ነው፣ ስፋቱ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ የሚያህል። ማንም ሊከተለው አልቻለም። እሱ ግን ማስተላለፍ ጀመረ። ሕጉን አያውቅ፣ ስም አያውቅ፣ ጎማውን አያየው። በረኛዎቹን ብቻ ያያል፤ ትከሻቸው ወደ የት እንደሚዞር አይቶ ጎማው የት እንዳለ ይናገራል፤ ትክክልም ነው። የተባበረው ቡድን 3 ለ 1 አሸነፈ። “ሦስት የገባበት ጥፋት የለበትም” አለ ሲያበቃ። “ከፊቱ ሰው ቆሞበት ነበር። አላየም።” ያቺ ካሴት እስክትበጠስ ድረስ በየወሩ ታየች። በጅቡቲ ከተማ የሆኪ ደጋፊ የነበረ ብቸኛው መብረዝ የእኛ ሳይሆን አይቀርም።

በ1996 ቶሮንቶ ገባሁ። የመጀመሪያው ክረምት ላይ በረዶ መንገድ ዳር ተከምሮ ማንም ሳያነሳው ሳይ ሆዴ ባባ፤ ሊባክን ነው እኮ ብዬ። የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ባሉበት በዳንፎርዝ ጎዳና ቅዳሜ ማታ ብታልፍ፣ ከአንዱ ቤት በቀር ቴሌቪዥኑ ሁሉ አንድ ነገር ያሳያል፤ የሲቢሲን የሆኪ ማታ። ይህ ለካናዳውያን እንደ ቅዳሜ ማታ ጸሎት ነው። ፎስተር ሂዊት የተባለ ሰው በ1923 ሆኪን በሬዲዮ ማስተላለፍ ጀምሮ፣ እንደ እኛው ደምሴ፣ ያልታየውን ጨዋታ ላገሩ ሁሉ ሲያሳይ ኖሯል። ሂዊት ተጫዋች አልነበረም። በኋላ ግን ማስተላለፊያው ክፍል ውስጥ ሁለተኛ ወንበር ገባ፤ አንዱ ጨዋታውን ይከተላል፣ ሌላው፣ ሜዳው ላይ የኖረው፣ ለምን እንደሆነ ይናገራል። የእኛ በረኛ ሁለቱንም ወንበር ብቻውን ይቀመጥበት ነበር ማለት ነው።

እዚያ ሁለተኛ ወንበር ላይ ታዲያ በረኛ ይበዛል። ሳጣራ ገረመኝ። ከሞንትሪያል ጋር ስድስት ጊዜ የሆኪውን ትልቅ ዋንጫ፣ የስታንሊ ዋንጫን፣ ያነሳው ኬን ድራይደን በ1980 ሌክ ፕላሲድ ክረምት ኦሊምፒክ ላይ፣ የአሜሪካ ተማሪዎች ሶቪየቶችን ባሸነፉበት በዚያ ታዋቂ ጨዋታ፣ ማይክሮፎን ይዞ ተቀምጦ ነበር። ጆን ዴቪድሰን የኒው ዮርኩ፣ ኬሊ ህሩዲ የሲቢሲው፣ ሁሉም ግብ ጠባቂዎች። እኔ ግን ምክንያቱን ከማንም ካናዳዊ ቀድሜ አውቀው ነበር።

ከዚያ በ2009 መጸው አንድ ማታ ቴሌቪዥኑ ላይ ጥቁር ሰው ታየ። ኬቪን ዊክስ። ቶሮንቶ ተወልዶ ያደገ፣ ወላጆቹ ከባርቤዶስ የመጡ። ስደተኛ ቤት፣ የውድ ዕቃ ስፖርት፤ የበረኛ ትጥቅ ደግሞ ከሁሉም ውድ ነው። በ1993 በትልቁ የሰሜን አሜሪካ ሆኪ ሊግ የፍሎሪዳ ቡድን መረጠው። ከዚያ ቫንኩቨር፣ ሎንግ አይላንድ፣ ታምፓ፣ ካሮላይና፣ ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርዚ። ይህን የሚያህል ከተማ መቀያየር የኮከብ ዕጣ አይደለም። ሻንጣው እንደታሰረ የኖረ ሰው ዕጣ ነው፤ የሌላ ሰው ጉልበት ሲታመም ጥሩት የሚባል። በ2002 ካሮላይና እስከ ስታንሊ ዋንጫ ፍጻሜ ስትደርስ መንገዱን ከከፈቱት አንዱ እሱ ነው፤ በዚያው ጉዞ ሞንትሪያል ላይ ከተመልካች መሐል ሙዝ ተወረወረበት። በ2009 ጫማውን ሰቀለና በዚያው ዓመት ሲቢሲ ወሰደው። በአገር አቀፍ ቴሌቪዥን የዚህ ሊግ ተንታኝ ሆኖ ሲቀመጥ ከጥቁሮች የመጀመሪያው ነው። በኋላም አሜሪካ ሄዶ ኢኤስፒኤን ገባ፤ ዝውውር ሲኖር ስልኩን ይዞ ከቆመበት ሆኖ ማንንም ሳይጠብቅ ይዘግባል።

በዚያች የመጀመሪያ ማታ ግን ይህን ሁሉ አላወቅሁም። አንድ ጎል ገባ፤ ሕዝቡ ጮኸ፤ ካሜራው አስቆጣሪውን አቅፈው የሚጨፍሩትን ያሳያል። ዊክስ ግን ምስሉ ወደ ኋላ እንዲመለስ አድርጎ የገባበትን ሰውዬ እግር አሳየን። ከፊቱ ማን እንደቆመበት፣ የጎማውን መነሻ ለምን እንዳላየ። የእህቴ ልጅ፣ ቶሮንቶ የተወለደ፣ ሆኪ እንደ ደሙ የሚወድ፣ ዞር ብሎ ሲያየኝ ዓይኔ እንባ አቅርሯል። “ጋሼ፣ ምን ሆንክ? የእኛ ቡድን እኮ ነው ያገባው።” ምን ብዬ ላስረዳው? ጅቡቲ ውስጥ አንድ በረዶ ቆራጭ ነበር ልበለው?

(ከዓመታት በኋላ፣ በ2014፣ ቦርሌንገ ከምትባል የስዊድን ከተማ የተነሡ የሶማሊያ ስደተኛ ልጆች በረዶ ላይ በባንዲ፣ የሆኪ ዘመድ በሆነ ጨዋታ፣ ኢርኩትስክ ሳይቤሪያ ድረስ ሄደው ለዓለም ሻምፒዮና ሲቀርቡ ሰማሁ። ጨዋታዎቻቸውን በሰፊ ልዩነት ተሸነፉ። የግብ ጠባቂውን ታሪክ የሚያወራላቸው ሰው አጡ እንጂ!)

በሰኔ መጨረሻ 2010 ጅቡቲ ተመለስኩ። አባቴ ካረፈ ቆይቷል፤ ኢሳው ሽማግሌም። ባቡሩ መምጣት ትቷል ማለት ይቻላል፤ ጣቢያው ፊት ለፊት ፍየሎች ተኝተዋል። ግቢው ግን አለ፤ በረኛውም አለ። ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። መጋዙን ለልጁ አስረክቧል፤ ልጁም ፍሪጅ በየቤቱ ከገባ ወዲህ ሥራው ለዓሣ ነጋዴዎች ብቻ ሆኗል ይላል። ድምፄን ሰምቶ አወቀኝ። ጉልበቱን ስሜ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ስለ ዊክስም ነገርኩት።

“በረኛ?” አለ።

“በረኛ።”

“ስንት ጨዋታ ተጫወተ?”

“በትልቁ ሊግ 348።”

“ስንቱን አሸነፈ?”

“105።”

ጥርስ በሌለው አፉ ሳቀ፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። “እንግዲያው ያውቃል” አለ።

ሐምሌ 2 ማታ ጋና ከኡራጓይ ነበር። የደቡብ አፍሪካው ዓለም ዋንጫ፤ ጋና ካለፈች ግማሽ ፍጻሜ የደረሰች የመጀመሪያዋ የአፍሪካ አገር ልትሆን። ቴሌቪዥኑ ግቢው ውስጥ ወጥቶ በርሜል ላይ ተቀምጧል፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አሸዋው ላይ ነው። የቴሌቪዥኑ ድምፅ በፈረንሳይኛ ነው፤ በጩኸቱ ግን የሚሰማ የለም። በረኛው ክንዴን ይዞ “አስተላልፍልኝ” አለኝ።

በሕይወቴ አስተላልፌ አላውቅም። ኳሷ ለእገሌ፣ ከእገሌ ለእገሌ እያልኩ ጀመርኩ። ወዲያው አቋረጠኝ። በረኛው የት ቆሟል? የትኛው ጋሼ? ሁለቱም! ኳሷ መሐል ሜዳ ናት፤ ካሜራው በረኛ አያሳይም። “አይታይም” አልኩት። “ቆሟል እኮ” አለ በቁጣ፤ “ስላላየኸው የለም?”

120ኛው ደቂቃ፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው። ሱዋሬዝ መስመሩ ላይ ሆኖ የምትገባውን ኳስ በእጁ መለሰ። ቀይ ካርድ፣ ፍጹም ቅጣት ምት። ግቢው በአንድ እግሩ ቆመ። በረኛው “በእጁ?” ብሎ ጠይቆ፣ “እሱም በረኛ መሆን አምሮት ነበር” አለና ክንዴን አጠበቀ። “አሁን ቀስ ብለህ ንገረኝ። የኡራጓዩ ልጅ ስሙ ማነው?”

“ሙስሌራ።”

“የት ነው?”

“መስመሩ ላይ። መሐል።”

“እጁስ?”

“ዘርግቷል።”

ጂያን ሮጠ፣ መታ፤ ኳሷ አግዳሚውን ገጭታ ወደ ሰማይ ወጣች። ግቢው ያወጣው ድምፅ ጩኸት አልነበረም፤ ከመሬት ውስጥ የመጣ ነገር ነበር። ልጆች አሸዋው ላይ በግንባራቸው ተደፉ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ቴሌቪዥኑ ላይ ጂያን ፊቱን በማልያው ሸፍኗል፤ ካሜራው ከእሱ ላይ አልነሣ አለ፤ ደግሞ ዞሮ ሱዋሬዝን መውጫው ጋ ሲፈነጥዝ አሳየ፤ ደግሞ ጂያን።

በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል በረኛው አፉን ወደ ጆሮዬ አስጠጋ።

“ነካት?”

“አልነካትም፤ አግዳሚው ነው ጋሼ።”

ትንሽ ቆየ። የታወሩ ዓይኖቹ ወደ በርሜሉ አቅጣጫ ተተክለዋል። ቀኝ እጁ ክንዴን ለቆ አየር ላይ የሆነ ነገር ፈለገ።

“አግዳሚውን መታ መታ አደረገው?”

ካሜራው አሁንም ጂያን ላይ ነበር።

“አዎ” አልኩት። “ሁለቴ።”